እህቴን ከሰሌን ሥራ ልመልስ የሄድኩበት ሳምንት

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ሙቀት ሲያወራ አትመኑት። እኛ ዘንድ ሙቀት ማለት እኩለ ቀን ላይ ጋቢን ከትከሻ ወደ ጉልበት ማውረድ ነው። እኔም ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። አሁን ግን አዋሽን፣ ገዋኔንና ሰመራን አይቼ መጥቻለሁ። ወደዚያ የሚያስኬድ ምክንያት የሌላችሁ ጎረቤቶቼ «እንዴት ነበር?» እያላችሁ በየበሩ ስላቆማችሁኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተቀምጫለሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም፤ እናቴ ልካኝ ነው። ታናሽ እህቴ ሰናይት ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ሥራዋን ለቅቃ፣ ገዋኔ አጠገብ ካለ መንደር ገብታ፣ ከአፋር ሴቶች ጋር ሰሌን መሥራት መጀመሯን የሰማነው ከራሷ አፍ አይደለም፤ ለእረፍት ከመጣ የሰፈር ልጅ ነው። እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም።

«የመንግሥት ወንበር ትታ ሰሌን!» አለች። «እታገኝ፣ ትልቋ አንቺ ነሽ። ሂጂና ይዘሻት ነይ።»

እኔ ራሴ የምተዳደረው ቤቴ ተቀምጬ ሹራብ በመሥራት ነው። የእኔ ሹራብ ሙያ ተብሎ የእሷ ሰሌን ውርደት የሆነበትን ምክንያት ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። «አንቺ ቤትሽ ነሽ፤ እሷ በረሃ ናት» ትለኛለች። ስለዚህ እሺ ብዬ ጓዜን ሸከፍኩ።

ሰኞ

ሐምሌ አጋማሽ ነው። ደብረ ብርሃን በጭቃና በጉም ተሸፍና፣ እኔ በጋቢ ላይ ነጠላ ደርቤ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር የተሳፈርኩት። በሻንጣዬ የእናቴ በሶና ቆሎ፣ ከነሱ በታች ደግሞ ለሰናይት በእጄ የሠራሁት ወፍራም የሱፍ ሹራብ አለ። ለእህት ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ነው። ወዴት እንደምሄድ ግን አላሰብኩበትም።

አዲስ አበባ መኪና ቀየርኩ። አዳማ ስንደርስ ጋቢውን አወለቅኩ። መተሐራ ላይ ነጠላው ተከተለ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንገባ ሌላ የማወልቀው ልብስ ስላልነበረኝ ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከሰማይ መምጣቱን ሲተው ከመሬት መነሣት ጀመረ። የእኛ አገር መሬት ማታ ይበርዳል፤ የአዋሽ መሬት ማታ ቀን የበላውን ያገሣል።

ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሆቴል አልጋ ያዝኩ። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ የወሎ ሰው ናቸው። ወደ ግቢው መሐል ወስደው፣ ከሌሎች ስድስት ሰባት አልጋዎች ጎን ሜዳ ላይ የተዘረጋ አልጋ አሳዩኝ።

«ጋሼ፣ ክፍል የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ክፍልማ አለ፣ ልጄ። ክፍል ውስጥ የሚያድረው ዕቃሽ ነው። ሰው የሚያድረው ውጭ ነው።»

ሜዳ ላይ፣ በማላውቃቸው ሰዎች መሐል፣ እኔ የሃምሳ ዓመት ሴት! አሻፈረኝ ብዬ ክፍል ገባሁ። ጥቂት ቆይቼ ትራሴን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። እሳቸው አልሳቁብኝም። ከጎኔ የነበረችውን የሹፌር ሚስት ትንሽ ፈቀቅ አስደርገው፣ አልጋዬን ነፋስ ወደሚመጣበት፣ ወደ ገደሉ በኩል አዞሩልኝ። ከዚያ ጥልቅ ገደል ሥር የአዋሽ ወንዝ እንደሚሄድ ነገሩኝ። ወንዙን አላየሁትም፤ ነፋሱ ግን ደረሰኝ።

ማክሰኞ

ወደ ገዋኔ የሚሄደው ሚኒባስ ሹፌር ጀማል ይባላል፤ እሱም የወሎ ልጅ ነው። ጋቢና ስላስቀመጠኝና ወሬ ስለሚወድ፣ ከአዋሽ ሳንርቅ ለምን እንደመጣሁ፣ እናቴ ምን እንዳለች፣ ሰናይት ስንተኛ ልጅ እንደሆነች ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

መንገዱ ሰፊ ነው፤ የጂቡቲ መኪናዎች ተከታትለው ይሄዳሉ። ግራና ቀኙን የሚያዩት አንድ ዓይነት እሾሃም ዛፍ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዛፍ ነው አሉ፤ ሸለቆውን ወርሮ ለሣር ቦታ አላስቀረለትም። የእኛ አገር ባሕር ዛፍ ቢያንስ እግር አይወጋም። የዚህኛው እሾህ የእኛን ጎማ ወጋና መንገድ ላይ ቀረን።

ጀማል ጎማ ሲቀይር ሁላችንም በመኪናው ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ከየት እንደመጣ ያላየሁት አንድ የአፋር ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቀረበና ከእኛው ተሳፋሪ ከአንዱ ጋር ሰላምታ ጀመረ። ሰላምታው ማለቂያ አልነበረውም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ደግሞ ይገለበጣል። ይህ ዳጉ የሚባለው የወሬ ልውውጣቸው ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነግር አያልፍም፤ የዋሸም ይዋረዳል። በመሐል ሁለቱም ዘወር ብለው አዩኝ።

«ምን አሉ?» አልኩት ጀማልን።

«ስለ አንቺ ነው እትዬ» አለ፣ ብሎን እያጠበቀ። «‹ከደጋ የመጣች ሴት አለች፤ ሰሌን ሠሪዋን እህቷን ልትወስድ ነው› አለው።»

«አንተ ነህ የነገርከው!»

«እኔማ አንድ ሰው ነው የነገርኩት።»

ጎማው ተቀይሮ ስንነሣ ያ ሰው በእግሩ ጫካ ውስጥ ገብቶ ጠፍቶ ነበር። እንዴት አድርጎ እንደሆነ እንጃ፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ።

ሰናይት ገዋኔ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ጠቁራለች፣ ከስታለች፤ ስትስቅ ግን ድሮ ልጅ ሳለች እንደምትስቀው ነው። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ «ይዘሽኝ ልትሄጂ ነው አሉ» አለችኝ። ምን እላለሁ? ሻንጣዬን ሰጠኋት።

መንደሩ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የአየሉ ተራራ ከሩቅ በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። ቤቶቹ እንደ ተደፋ ቅርጫት ክብ ናቸው፤ የጎበጠ እንጨት ተተክሎ ሰሌን ይለብሳል። ቤቱን የምትሠራው ሴቷ ናት፤ ስትሰደድም ነቅላ በግመል ትጭነዋለች። የሰናይት ባልንጀራ ፋጡማ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይቸኩል ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በእጇ ከቅጠል የተጎነጎነ የወተት ዕቃ ይዛለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ በአማርኛ። «ልትወስጃት ነው አሉ። መጀመሪያ ጠጪ።»

የግመል ወተት ነበር። ጭስ ጭስ ይላል፤ ይጣፍጣል። ዕቃው ባዶ ከሆነ ትሞላዋለች፣ ከሞላች ደግሞ መመለስ ነውር መሰለኝ። ሰናይት በዓይኗ ስትጠቅሰኝ «ጠጪ» ያለችኝ መሰለኝ፤ ለካ «ተዪ» ነው።

ከዚያ ሹራቡን አወጣሁ። መንደሩ በሙሉ ሳቀ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ እጃቸውን አስገቡበት፤ አንዷ ለብሳው ጥቂት ከተራመደች በኋላ ትንፋሿ ሊቆም ሲል አወለቁላት። ፋጡማ ግን አልሳቀችም። ስፌቱን ገልብጣ አየች፣ ክሩን በጣቷ ሳበች፣ «ይህን በእጅሽ?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ አጠገቧ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ረቡዕ

የግመል ወተት ላልለመደ ሆድ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ነግሮኝ አልገባኝም። ጠዋቱን ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ስመላለስ አሳለፍኩት። እሾሁን አትርሱት። ፋጡማ በሐዘኔታ ሌላ ወተት ይዛልኝ ስትመጣ ያዳነኝ ቀኑ ነው፤ ረቡዕ ነበር፣ ጾም ነው። «ዛሬ ወተት አልጠጣም፣ ጾመኛ ነኝ» ስላት በጣም አከበረችው። ወዲያው ባለቤቷን ገዋኔ ሰድዳ ሽሮና ዘይት አስመጣችልኝ። ለአንዲት ሆዷ ለተበላሸ ደገኛ ያን ያህል መንገድ!

ከሰዓት በኋላ ተሻለኝና ሥራቸውን ለማየት ዳሱ ሥር ተቀመጥኩ። ከወንዙ ዳር የሚመጣውን የዘንባባ ቅጠል ሰንጥቀው ይነክሩታል፤ ሲለሰልስ እንደ ሹሩባ ረጅም አድርገው ይጎነጉኑታል፤ ከዚያ ጉንጉኑን ጎን ለጎን እየሰፉ ሰሌን ያደርጉታል። ወስፌያቸው የእናቴን ይመስላል። ልዩነቱ፣ እኛ አገር ስፌት ሲሰፋ ውኃ እንዳያፈስ እየተባለ ይጠበቃል፤ እኔም ሹራብ ስሠራ ብርድ እንዳያስገባ አጠብቃለሁ። እነዚህ ሴቶች የሚጨነቁት ነፋሱ እንዲገባ ነው።

ሰናይት ያመጣችው አዲስ ነገር ብዙ አይደለም። መጠኑን ለክታ አንድ አደረገችው፣ ቀለም የሚነከርበትን በርሜል ገዛች፣ ከተማ እየዞረች ገዢ ፈለገች። ይኸው ነው። ግን መንደሩ ላይ የሠራውን ፋጡማ ነገረችኝ።

«በፊት በጋ ሲሆን ወንዶቹ ከብት ይዘው ይርቃሉ። እኛ እንጠብቃለን። ዱቄት ሲያልቅ ፍየል እስኪሸጥ እንጠብቃለን። አሁን ዱቄት ሲያልቅ ሰሌን ይዤ ገዋኔ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ ባለቤቷ በአገጯ አመለከተች። ሰውየው የዘንባባ ቅጠል ከግመል ላይ እያወረደ ነበር። «በፊት እሱ ያዝዘኝ ነበር። አሁን ‹ቅጠሉ ደረቅ ነው፣ ሌላ አምጣ› እለዋለሁ።» ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ሳቀ።

ልጇ መዲና ከሁሉም ፈጣን ናት። ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ገዋኔ ተምራለች። ታጭታለች፤ ሠርጉ ክረምቱ ሲወጣ ይሆናል ተብሎ ነበር።

ዳሱ ጥግ ተጠቅልሎ የተደረደረ የሰሌን ክምር አየሁ። ሰመራ ውስጥ ሆቴል ያላት ወይዘሮ ዘይነባ የምትባል ሴት ለአዲሱ የግቢዋ ጥላ ያዘዘችው ነው። እሑድ ታስመርቃለች፤ ሐሙስ ይጫናል። ይህ የሰናይት የመጀመሪያ ትልቅ ትእዛዝ ነው፤ ሥራ የለቀቀችውም በዚህ ተማምና ነበር።

ቀና ስል የፋጡማን ቤት ጣሪያ አየሁ። ሰሌኑ አርጅቶ፣ በሦስት በአራት ቦታ ሰማይ ይታያል።

«ፋጡማ፣ ያንቺ ቤት ለምን ተቀደደ?»

«የእኔ ሰሌን ሁሉ ሰመራ ሄደ» አለች፤ ሳትከፋ፣ እንደ ቀልድ። ዞር ዞር ብዬ ሳይ የሌሎቹም እንደዚያው ነበር። ስለ ጥሩው ነገር ብቻ ብነግራችሁ ያየሁትን ሙሉውን መናገር አይሆንም።

ዳጉ የመጣው ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲዘረጋ ነው። አንድ ሽማግሌ መጥተው ከፋጡማ ባል ጋር ረጅሙን ሰላምታ ተለዋወጡ። ሰናይት ተረጎመችልኝ። ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው በኩል ዝናብ ጥሏል። የሙሽራው ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ሊነሣ ነው። ስለዚህ ሠርጉ ቅዳሜ ይሁን ብለዋል፤ ካልሆነ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም።

ለሙሽራ ቤት የምትሠራላት እናት ናት። ቤት ደግሞ ሰሌን ነው። ፋጡማ ለልጇ የተዘጋጀ አንድም ሰሌን አልነበራትም፤ የሠራችው ሁሉ ለሰመራ ነው። መዲና ወሬውን ሰምታ አንገቷን ደፋች፤ እጇ ግን አልቆመም፤ ለሆቴሉ የቀረውን የመጨረሻውን ሰሌን ትሰፋ ነበር።

ፋጡማ ምንም አልጠየቀችም። አንዴ እንኳ ወደ ክምሩ አላየችም።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ በልቤ የመጣው ነገር አያኮራኝም። ይህ ትእዛዝ ከተበላሸ ሰናይት ወደ ቤት ትመለሳለች፤ የእናቴም ነገር ያለ ክርክር ያልቃል። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ክምሩን ስታይ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቃል ገብተሻል፣ ሰኒ» አልኳት በጆሮዋ። «የሆቴሏን አድርሺ። አለዚያ ሌላ ጊዜ ማን ያምንሻል?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች። ተነሥታ ፋጡማ ፊት ተቀመጠችና፣ በእጇ ክምሩን ወደ መዲና እያሳየች፣ በአፋርኛ ተናገረች። ፋጡማ ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም» አለች፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ። «የሰው ቃል ነው። ለልጄ ከየቤቱ አሮጌ እሰበስባለሁ።»

«ሙሽራ በአሮጌ ሰሌን?» አለች ሰናይት።

«ሰው ምን ይላል አትበዪ። ቃል ይበልጣል።»

ሁለቱም አልሸነፍ አሉ። በመጨረሻ ሰናይት «ነገ ሰመራ ሄጄ ዘይነባን ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። በስልክ እምቢ ማለት ይቀላል» አለች።

ሐሙስ

ሰመራ ስንደርስ ነፋሱ ተቀበለን። የእኛ አገር ነፋስ ሲነፍስ ሰው ይሸፈናል፤ እዚህም ይሸፈናል፤ ግን ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው የሚነፍሰው። ከተማዋ መንገዷ ሰፊ፣ ቢሮዋ ብዙ፣ ጥላዋ ጥቂት ነው። ባጃጁ ውስጥ የያዝኩት ብረት እጄን አቃጠለኝ።

ወይዘሮ ዘይነባ ሞላ ያለች፣ ድምጿ ግቢውን የሚሞላ ሴት ናት። ከወሎ መጥታ ከአንዲት የሻይ ቤት ተነሥታ ሆቴል ያደረሰችው በገዛ እጇ ነው። ባዶ እጃችንን ስታየን ፊቷ ተለወጠ። ሰናይት ሁሉንም ነገረቻት፤ አልደበቀችም፣ አላሳመረችም።

«ወላሂ፣ ሰናይት፣ ከአንቺ ይህን አልጠበቅሁም!» አለች። «እሑድ እንግዳ ጠርቻለሁ። እንግዳን ፀሐይ ላይ ላስቀምጥ?»

«ጥቂት ጊዜ ስጪኝ፣ እትዬ ዘይነባ። ከዚያኛው የተሻለ እንሠራልሻለን።»

«ጊዜ ከየት ላምጣ? ለሙሽራዋ መብሩክ በዪልኝ፤ አላህ ትዳሯን ያሳምርላት። ግን እኔም ነጋዴ ነኝ። ሸራ እወጥራለሁ፣ አለቀ። የሰሌኑን ነገር ተይው።»

አለቀ አለች፤ እውነትም አለቀ። ልንወጣ ስንነሣ ግን እጄን ያዘች። «ወዴት? ምሳ ሳትበሉ? የሥራው ሌላ፣ የምሳው ሌላ!» እኔ ክርስቲያን እሷ ሙስሊም ስለሆንን የሥጋው ነገር እንዳያስቸግረኝ ገና ሳልናገር ገብቷት ነበር። «አሣ አስጠብሻለሁ። አሣ የእስላም የክርስቲያን የለውም፤ ውኃ ውስጥ ነው ያለው» አለችና ራሷ አቀረበች። ያን የመሰለ አሣ በልቼ አላውቅም። እህቴ ግን አልቀመሰችም። ማደሪያም በነፃ ሰጠችን፤ እንዲህ ያለ እምቢተኛ አይቼ አላውቅም።

ማታ ነፋሱ ሲበርድ በእግራችን ወጣን። ሰናይት የሠራችበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ። «ገብተሽ ብትጠይቂ ይመልሱሽ ይሆናል። ካልሆነም ከእኔ ጋር እንሂድ። እናታችን አትቆጣሽም፤ እኔ አለሁ።»

ረጅም ጊዜ በሩን አየች። እንባዋ ሲወርድ አላበሰችውም፤ ነፋሱ አደረቀው።

«ፋጡማ ለነገ ቅጠል ነክራለች» አለች። «ሳልመለስ ብቀር ምን ታስባለች?»

 እኔም እጇን ይዤ ወደ ማደሪያችን መለስኳት።

ዓርብ

መንደሩ ስንመለስ ሴቶቹ ዳሱ ሥር ተሰብስበው ይጠብቁን ነበር። ፋጡማ ከየቤቱ የለቀመችው አሮጌ ሰሌን ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ በጭስ የጠቆረ፣ ዳሩ የተበላ። መዲና ቁጭ ብላ ቀዳዳውን ትጥፋለች።

«ዘይነባ ምን አለች?» አለች ፋጡማ።

ሰናይት ፈገግ አለች። «ችግር የለም አለች። ቆይቶም ይሁን፣ ለሙሽራዋ ይሁንላት አለች።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ውሸት ነው፤ ግን እውነቱ ቢነገር ፋጡማ አንዱንም ሰሌን እንደማትነካ ሁለታችንም እናውቃለን። ፋጡማ እህቴን ለጥቂት ጊዜ አየቻትና «መልካም» አለች። ክምሩ ከጥጉ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ መዲና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ዓርብም ጾም ነው። ወተት አልቀረበልኝም፤ ሳላስታውሳት ሽሮው ተዘጋጅቶ ነበር።

ቅዳሜ

ቤት በአንድ ጠዋት ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ አገር ቤት ሊሠራ ሲታሰብ ድንጋይ ይጠረባል፣ ጭቃ ይቦካል፣ ከግንበኛ ጋር ይጣላሉ። እዚህ ፀሐይ ሳይጠነክር ሴቶቹ የጎበጠውን እንጨት ተከሉ፣ አሰሩ፣ ከዚያ አዲሱን ሰሌን ከታች ወደ ላይ እየደራረቡ አለበሱት። እኔም ልጥ እያቀበልኩ፣ ኋላም እያሰርኩ ዋልኩ። የእኔን ቋጠሮ ፋጡማ ሁለት ጊዜ ፈታችው፤ በሦስተኛው ተወችው። ቀይና ጥቁር ቀለም የገባበት፣ ለሆቴሉ የታሰበው የመጨረሻው ሰሌን በሩ ላይ ዋለ።

ውስጥ ገባሁ። ነፋሱ በሰሌኑ ውስጥ ተጣርቶ ይገባል፤ ብርሃኑም እንደ ወንፊት ነው። ከደብረ ብርሃን ከወጣሁ ወዲህ ላብ ሳያስጨንቀኝ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ፋጡማ ተከትላኝ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰናይት ዋሽታለች» አለች።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ሰመራ ሸራ ሲወጠር ሰው አይቶ መጣ። ዓርብ ጠዋት ነግሮኛል፤ እናንተ ሳትደርሱ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷ ሥራዋን ሰጠችኝ። ባጋልጣት ስጦታዋን ፊቷ ላይ መመለስ ነበር።» ውጭ የሴቶቹ ዘፈን ጠነከረ። «ለሁሉም ግን ተናግሬአለሁ፤ ከዛሬ በኋላ አሥር ሰሌን ከሠራን አንዱ ለቤታችን ነው። ሰመራ ይጠብቅ። ለልጅ ሳይኖር ለሆቴል አይሠራም።» ከዚያ ክርኔን ነካ አድርጋ ጨመረች፤ «እህትሽን ትወስጃታለሽ?»

«እኔ ልውሰዳት ብል ትመጣለች ብለሽ ነው?»

«አትመጣም» አለች ፋጡማ። «አንቺን ለማወቅ ነው የጠየቅኩሽ።»

ሙሽራው ቤተሰቡን አስከትሎ መጣ። ሥጋው ለእነሱ፣ ለእኔና ለሰናይት ደግሞ ፋጡማ ለብቻ ያስጋገረችው ዳቦና ወተት ቀረበ። ወተቱን በልክ ጠጣሁ፤ ሰው ይማራል። ዘፈኑ ሲደምቅ ሴቶቹ ጎትተው አስገቡኝ። የእኛ እስክስታ ትከሻ ነው፤ የእነሱ እግርና ጭብጨባ ነው። እንዳልተሳካልኝ ከሳቃቸው አወቅሁ።

እሑድና ሰኞ

ገዋኔ መንገድ ዳር መኪና ስንጠብቅ የሰናይት ስልክ ጮኸ። የዘይነባ ድምጽ ለእኔም ይሰማል።

«ሰናይት! የት ነሽ? ሰዉ ከሸራው ሥር ሳህኑን ይዞ እየወጣ ነው! የጠራኋቸው ሐጂ ራሳቸው ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ፤ ወላሂ ተዋረድኩ። ሰሌኑን መቼ ታመጪልኛለሽ?»

እህቴ አየችኝ። ደስታዋን መደበቅ አቅቷታል። ወዲያው «ነገ» የምትል መስሎኝ ነበር።

«ክረምቱ ሲወጣ፣ እትዬ ዘይነባ» አለች። «መጀመሪያ የፋጡማን ጣሪያ እንሠራለን። ከዚያ የሌሎቹን።»

 በዚያኛው በኩል ዘይነባ ሳቀች። «እሺ፣ ኢንሻአላህ። ያቺን ደገኛዋን እህትሽን ሰላም በዪልኝ።»

ሚኒባሱ መጣ። እህቴ ስታቅፈኝ እጇ ሻካራ ነበር፤ የወስፌ ጠባሳ አለበት። የእኔም ጣት እንደዚያው ነው፤ ስንላቀቅ ሁለታችንም ተያየን። ተሳፍሬ ዞር ስል አስፋልቱን ተሻግራ ወደ መንደሩ እየፈጠነች ነበር።

አዋሽ አደርኩ፤ በገዛ ፈቃዴ ውጭ። ሰኞ ማታ ደብረ ብርሃን ስገባ ዝናቡ ያወርደዋል። እናቴ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ያየችው እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ ነው። ደረቅ ልብስ ሰጠችኝና እሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ትእዛዙን፣ ሠርጉን፣ ሸራውን፣ የእህቴን ውሸትና የፋጡማን ዝምታ።  ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገች።

«ያቺ ሙሽራ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰሌኑ በቃት?»

«በቃት፣ እማዬ። ተርፎም የበሩ ሆነ።»

«እንግዲያስ ደግ አድርጋለች ልጄ» አለችና እራት ልታቀርብልኝ ተነሣች።